ለእሷ ሲሉ የዋጡት

«አንዲት ብቻ፣ አባዬ። ይቺን ብቻ።»

አባቷ አፋቸውን ከፈቱላት። ሾርባው ገባ፤ ግማሹ በአገጫቸው ወረደ። ከዚያ ሳሉ፤ ፊታቸው እስኪጠቁር ሳሉ።

ነርሱ ፈጥኖ ቀና አደረጋቸው። ሆስፒታሉ ከዚህ በኋላ የሚያድናቸው ነገር እንደሌለ ነግሮ ወደ ቤት ከላካቸው ወዲህ፣ ሕመማቸውን ሊያስታግስ የሚመላለሰው እሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን በር ተሳስቶ የጎረቤት ቤት ሲያንኳኳ ደረጃው ላይ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ እርምጃውን ከሌላው ሰው ለይታ ታውቀዋለች። ማወቋን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳት። ሰውነታቸው ምግብ መቀበል ትቷል፤ የምታጎርሳቸው ወደ ሳንባቸው እየሄደ ነው። የደከሙት ባለመብላታቸው ሳይሆን፣ የማይበሉት ስለደከሙ ነው። አሁን ከንፈራቸውን ማራስ ይበቃል አላት።

አክስቷ ከማእድ ቤት ሰማች። «ይሄ ነርስ ነው ወይስ ገናዥ?» አለች። «ወንድሜን በቁሙ ሊቀብረው ነው እንዴ?»

ልጅቷ ዝም ብትል በወደደች፤ ፍርሃቷ ግን አንደበቷን ቀደመው። «የእርስዎ አባት ቢሆኑ በረሃብ ይገድሏቸው ነበር?»

ነርሱ ለአፍታ አያት፤ ከዚያ አልጋው አጠገብ በርከክ አለ።

«አባባ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሩን። ይርብዎታል?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ረሃብ ከተወኝ ቆየ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ትውጣለህ፣ አባዬ?»

«እንዳይከፋሽ ነዋ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ፊትሽ ይበራል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ደሞ የአክስትሽን ሾርባ በደህናውም ጊዜ ለጠላቴ አልመኘውም።»

ከማእድ ቤት ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ልጅቷ ማንኪያውን አስቀመጠች። ነርሱ ጥጥ በውሃ ነክሮ ሰጣት፤ ከንፈራቸውን እንዴት በቀስታ እንደምታረጥብ ሲያሳያት ጣቱ ጣቷን ነካ። ሁለቱም ጥጡን ብቻ ያዩ መሰሉ።

በቀጣዩ ተራ የመጣችው ሌላ ነርስ ነበረች። ደግ ሴት ናት፤ እጇም ቀላል ነው። የፊተኛው ምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ራሱ ቀይሩኝ ብሎ እንደሆነ ነገረቻት።

ልጅቷ ቃሏ እንዳባረረው አልተጠራጠረችም። ስልኩን ታነሳለች፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ይጠፋትና ትመልሰዋለች። አባቷ በየቀኑ እየራቁ ነበር፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ሄዷል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ማጣት እንዴት እንደሚቻል አላወቀችም።

አንድ ምሽት ያ እርምጃ ደረጃው ላይ ተሰማ። ሳያንኳኳ ከፈተችለት። የሥራ ልብሱን አልለበሰም።

«በተናገርኩት አዝነው ከሆነ የቀሩት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በእሱ አይደለም» አለ። «እዚህ ቤት ስገባ፣ የእሳቸውን የልብ ምት ከማዳመጤ በፊት አንቺ በየትኛው ክፍል እንዳለሽ ነው የማዳምጠው። እንዲህ ሆኜ እሳቸውን ማከም አልችልም። ለእሳቸውም አይገባም።»

«አንቺ» ማለቱን ሰማች።

«ማነው?» አሉ አባቷ ከውስጥ።

«ነርሱ ነው፣ አባዬ። የፊተኛው።»

«መርፌ ይዟል?»

«አልያዘም።»

«እንግዲያው ይግባ» አሉ፤ ፊታቸውንም በዝግታ ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔ ተኝቻለሁ።»

ሁለቱ ከአልጋው ግርጌ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ የአባቷ ትንፋሽ ወጣና ሳይመለስ ዘገየ። እሱ እጇን ያዘ። አትፍሪ አላላትም፤ ያንን ዝምታ አብሯት ጠበቀ።

ትንፋሹ ተመለሰ። እጇን አልለቀቀም፤ እሷም አልሳበችውም፤ ቀጣዩን መጠበቅ ጀመሩ።