ቀይ ክር የታሰረባት ዛላ

ጋሽ ሉቃስን ሞተው ያገኛቸው ሙሰብ ነበር። ዕለቱ የማርያም በዓል ስለነበር በፎገራ ሜዳ ላይ በሬ የጠመደም ማጭድ ያነሳም ሰው አይታይም። በወረታ ከተማ የዘር ሱቅ ያለው ሙሰብ እኩለ ቀን ላይ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ ሽማግሌው የሩዝ ማሳ ወረደ። ቦዩ ዳር አንድ ጫማ አየ። ራቅ ብሎ ሁለተኛውን አየ፤ ሁለተኛው ውስጥ ግን እግር ነበረበት።

የሟቹ ልጅ መስከረም ተጠርታ ስትደርስ ፖሊሶቹ አባቷን ከውሃው አውጥተው የአፈር ግድቡ ላይ አስተኝተዋቸው ነበር። ፊታቸው ጭቃ ለብሷል፣ ማጅራታቸው አብጦ ጠቁሯል። ሐኪሙ ደጋግሞ ቢጠየቅም ሰዓቱን ቆርጦ ለመናገር አልደፈረም።

«ከጎህ እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ በላይ አታስጨንቁኝ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉን ነገር ያምታታል» አለ።

ምርመራውን የያዘችው ኢንስፔክተር ጸሐይነሽ አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ከኪሷ ቆሎ እየቆነጠረች ትቆረጥማለች፤ ስትጠይቅ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። መቀሱ ግድቡ ላይ ወድቋል። ከሟቹ የደረት ኪስ ውስጥ ደግሞ አንድ ወረንጦ አወጣች፤ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፣ ጨርቁም አልተፈታም። አገላብጣ አይታው መለሰችው።

«አባትሽ በማርያም ዕለት እዚህ ምን ይሠራሉ?» ስትል መስከረምን ጠየቀቻት።

«የሩዝ አበባ በዓል አያውቅም» አለች መስከረም እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። «አባዬ ሩዝ ያዳቅል ነበር። ወንዴውና ሴቴው በአንድ ቅርፊት ውስጥ ስለሆኑ ካልቀደሙት አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ የቅርፊቱን ጫፍ በመቀስ ይቆርጥና ወንዴዎቹን በወረንጦ ለቅሞ ያወጣል። ፀሐይ ስትሞቅ የሌላው ዝርያ አበባ ይከፈታል፤ ያኔ ብናኙን ያራግፍበታል። ከዚያ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ቀይ ክር ያስርበታል።»

«ፀሐይ ሳትሞቅ ማራገፍ አይቻልም?»

«ምኑን ያራግፈዋል? አበባው ዝግ ነው፤ ብናኝ የለም።»

ይህን እያለች ዓይኗ ከማሳው ጥግ ላይ አረፈ። አንዲት ዛላ ከረጢት ለብሳ ቆማለች፤ አንገቷ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«ይህቺ ትናንት ማታ አልነበረችም!» አለች መስከረም። ከረጢቱን ገልጣ አየች። የቅርፊቶቹ ጫፍ ተቆርጧል፣ ቁርጡ ገና አልደረቀም። «ዛሬ ነው የሠራት። ቀይ ክር ካሰረ ደግሞ አዳቅሏል ማለት ነው። ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ አባዬ በሕይወት ነበር።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፖሊሶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሙሰብ አዞሩ። ሙሰብ እስከ ጉልበቱ እንደራሰ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ወደዚያ ማሳ ሲሄድ የታየ ሌላ ሰው የለም። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት ከጋሽ ሉቃስ ጋር በሱቁ በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።

«መስኪ…» አለ ሙሰብ። ሌላ ነገር ሳይጨምር እጁ በካቴና ታሰረ።

*

የሙሰብ እናት እትዬ አሲያ የመስከረም ጎረቤት ናቸው። መስከረም እናቷ የሞተችባት ገና ሕፃን ሳለች ስለነበር ጠጉሯን እየሠሩ፣ ከሙሰብ ጋር ከአንድ ሳህን እያበሉ ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ። አሁን በየጠዋቱ ምግብ ቋጥረው ወደ እስር ቤት ሲሄዱ በደጇ ያልፋሉ። አይቆሙም። አንድ ቀን ግን ቆሙ።

«ያየሽው ነገር አለ?» አሏት።

«የለም፣ እትዬ። ዛላዋን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ዛላዋን።» አሲያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄን ሣር መሰከረበት በያ» ብለው ሄዱ።

መስከረም የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ሙሰብ ሰው ይገድላል ብላ አታምንም። የተናገረችው ግን እውነት ነው፤ የሩዝ አበባ በጎህ አይከፈትም። ከሁለቱ አንዱን መጣል አልቻለችም። ተነሥታ ወደ ማሳው ስትሄድ ኢንስፔክተሯን እዚያው አገኘቻት። ከአጠገባቸው ባለ ማሳ የሚያርሱት አያ ገበያውም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«አያ ገበያው፣ ከሟቹ ጋር በውሃ ትጣሉ ነበር ይባላል» ትላለች ጸሐይነሽ።

«በውሃ ያልተጣላ የፎገራ ገበሬ ካለ አምጭልኝ፣ ባርኔጣዬን እበላልሻለሁ!»

«ተዉት፣ ለሆድዎ አይስማማም። በማርያም ዕለትስ የት ነበሩ?»

«ቅዳሴ። ጠይቂያ።»

«ጠየቅሁ። ዘግይተው ነው የገቡት አሉኝ፤ ያውም እግርዎ ጭቃ ነክቶት።»

ገበያው ዙሪያውን ገላመጡ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ለንስሐ አባቴ እንዳይደርስ፣ የኔ እመቤት። በጎህ ወጥቼ ውሃ ለቅቄአለሁ። በዓል መሻሬ ነው። ሩዜ እየደረቀ ምን ላድርግ?»

«ጋሽ ሉቃስን አዩ?»

«ጉም ነበር፣ እጄንም አላይ። አንድ ሞተር ሳይክል ግን ከዚህ ተነሥቶ በይፋግ መንገድ ሲሄድ ሰምቻለሁ። መብራቱን አላበራም።»

«ያንን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«በበዓል ቀን ማሳ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር ብትሉኝስ?»

ጸሐይነሽ ቆሎዋን አቀረበችላቸው። ከዚያ በማሳው ጫፍ ላይ ወዳለች አንዲት ጠባብ መደብ ጠቆመች። ሩዙ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ የበሰለ፣ አንዱ ገና ያላበበ ነው።

«ይህስ ምንድን ነው? የማይተዋወቁ ሰዎች ሰልፍ ይመስላል።»

«የዘር አዳቃዩ የበእውቀቱ አዲስ ዘር ነው» አለች መስከረም። «አምና በሰጠን ጊዜ ሁሉም እኩል ነበር፣ ያማረ። አባዬ ከዚያው ላይ ዘር ወስዶ ዘራው፤ እንዲህ ተበታተነ። ገና ያልረጋ ዘር ነው። በመጀመሪያው ትውልድ የተደበቀው ዘረመል በሁለተኛው ብቅ ይላል። አባዬ ለሙሰብ ‹ይህን ለገበሬ እንዳትሸጥ› ያለው ስለዚህ ነው። ሙሰብ ደግሞ መጋዘኑ በዚሁ ዘር ሞልቶ ነበር፤ የተጨቃጨቁትም በዚህ ነው።»

«በእውቀቱ ራሱ ይህን ያውቃል?»

«የአባዬ ተማሪ ነበር እኮ። እንዴት አያውቅ?»

ኢንስፔክተሯ ቆሎዋን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ቀይ ክር ወደታሰረባት ዛላ ሄደች።

«አባትሽ በአንድ ጠዋት ስንት ዛላ ይሠራሉ?»

«ብዙ። ቅርጫት ሙሉ ከረጢት ነው ይዞ የሚወጣው።»

«የዚያን ዕለት ግን አንዲት ብቻ። ከጎህ እስከ ቀትር፣ አንዲት ዛላ።» ጸሐይነሽ ወደ መስከረም ዞረች። «የዚህች ፍሬ አባት ማን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?»

«ከበቀለ በኋላ አዎ። እናቲቱ አረንጓዴ ናት። አባዬ ለምልክት ብሎ የሚያዳቅልባት ዝርያ ቅጠሉ ወይን ጠጅ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚያይለው ወይን ጠጁ ነው፤ ልጆቹ በሙሉ ወይን ጠጅ ሆነው ይበቅላሉ።»

«እንግዲያውስ ምስክራችን እስኪበቅል እንጠብቃለን» አለች ጸሐይነሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማሳው ላይ ዘብ ቆመ።

*

በእውቀቱ ሞተር ሳይክሉን ደጅ አቁሞ ገባ፤ ቃሉን ሲሰጥም አለቀሰ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ሰው ነው።

«ጋሼ ለኔ አባት ነበሩ። እኔ የዚያን ዕለት ከቅዳሴ መውጫ ጀምሮ እስከ ማታ ይፋግ ላይ ለገበሬዎች ስለ ዘሬ ሳስረዳ ነበር። መቶ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ይመሰክራል» አለች ጸሐይነሽ። «እንደዚህ ያለ ሙሉ ምስክር ያለው ሰው አይቼ አላውቅም።»

በእውቀቱ ፈገግ ለማለት ሞከረ። መስከረም ከበሩ ላይ ሆና ታየው ነበር።

*

ዛላዋ በስላ ታጨደች። ፍሬዎቿ ሙሉ ነበሩ። ወሬው በወረታ ተሰማና «ይኸው፣ አዳቅለዋል፤ እስከ ቀትር በሕይወት ነበሩ» ተባለ። ሙሰብ ክስ ሊመሠረትበት ቀን ተቆረጠ። እትዬ አሲያ በመስከረም ደጅ ማለፉን ትተው በሌላ መንገድ ይዞሩ ጀመር።

በሰማንያ ቀኑ ተዝካር ዕለት እንግዳው ተሸኝቶ ሲያበቃ ኢንስፔክተሯ ጥቂት ሰዎችን ግቢው ውስጥ አስቀረች። ገበያው፣ በእውቀቱና እትዬ አሲያ ነበሩ። ሙሰብ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል፤ ከስቶ አንገትጌው ሰፍቶታል። በመካከላቸው ሁለት የችግኝ ሳጥኖች ተቀምጠው በላያቸው ጨርቅ ተጥሏል።

«የዚህ ነገር ችግሩ መስከረም እውነት መናገሯ ነው» ብላ ጀመረች ጸሐይነሽ። «ፀሐይ ሳትሞቅ ሩዝ አይዳቀልም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ወረንጦው ነው። መቀሱ ግድቡ ላይ ወድቋል፤ ወረንጦው ከነጨርቁ ኪሳቸው ውስጥ አለ። ዛላዋ ተቆርጣለች። ታዲያ ወንዴዎቹ በምን ተለቀሙ?»

የመጀመሪያውን ጨርቅ አነሣች። ችግኞቹ እንደ ወይን ጠጅ ጠቁረዋል።

«እነዚህ ጋሽ ሉቃስ በቀደሙት ቀናት ያዳቀሏቸው ናቸው።» ሁለተኛውን አነሣች። «ይህ ደግሞ ቀይ ክር የታሰረባት ዛላ ፍሬ ነው።»

አረንጓዴ ነበር። ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ እንኳ ሳይቀላቀልበት አረንጓዴ። መስከረም ቅጠሎቹን በጣቷ እየገለጠች አየች።

«ይህቺ… ይህቺ አልተዳቀለችም» አለች። «ራሷን በራሷ ነው ያፈራችው።»

«ይቅርታ» አለ በእውቀቱ ተረጋግቶ። «ያ ቀለም ዘረመሉ ቢኖርም ያለ ፀሐይ ቶሎ አይገለጥም። ጥላ ውስጥ ካበቀላችሁት አረንጓዴ ሊመስል ይችላል።»

«ጥሩ ብለሃል። እኔም ያንን ፈርቼ ሁለቱን ሳጥኖች በአንድ ቀን ዘርቼ በአንድ ጣሪያ ላይ፣ በአንድ ፀሐይ ነው ያሳደግኋቸው።»

«እንግዲያው ጋሼ አርጅተው ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ወንዴ ስተው ይሆናል።»

ጸሐይነሽ ከኪሷ ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ለመስከረም ሰጠቻት። «አንቺ ክፈቻት። የዚያችው ዛላ ቅርፊት ናት፤ ለምስክር ያስቀረኋት።»

መስከረም ቅርፊቷን በጥፍሯ ፈልቅቃ ወደ ብርሃን አስጠጋች። በውስጧ የደረቁ የወንዴ ክሮች ነበሩ። ቆጠረቻቸው። «የሩዝ አበባ ስድስት ወንዴ ነው ያለው፤ ስድስቱም አሉ። አንድም አልተነካም።»

«በሌሎቹም ቅርፊቶች ውስጥ እንዲሁ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንድ ሁለት ይስታል፤ ሁሉንም አይተውም። ጫፉን ቆርጦ ወንዴውን የተወ ሰው፣ ዛላዋ የተዳቀለች መስላ ፍሬ እንድትይዝ የፈለገ ሰው ነው። ወንዴው ተለቅሞ ብናኝ ካልተራገፈበት ቅርፊቱ ባዶ እንደሚቀርና እንደሚያጋልጠው ያውቃል። መልቀሚያ ጊዜም አልነበረውም፤ ጎህ ቀዷል፣ ሬሳው ቦይ ውስጥ ነው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ይፋግ መድረስ አለበት።»

ገበያው «ሞተሩ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው አፋቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

«አዎ፣ አያ ገበያው፤ ሞተሩ። ዛላዋ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ ሞቱን ከጎህ ወደ ቀትር ማሻገር። ይህ ማንን ይጠቅማል? ሙሰብን ገመድ ውስጥ ነው የከተተው። አያ ገበያው የቀይ ክሩን ልማድ አያውቁም። መስከረም ታውቃለች፤ ግን በጎህ ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ አይቷታል፣ በቀትር ቤቷ ብቻዋን ነበረች። እሷ ብትሆን በገዛ እጇ ራሷን ታስጠረጥራለች? በጎህ ማንም ያላየው፣ በቀትር መቶ ሰው ያየው፣ የጋሽ ሉቃስንም ሥራ ከእጃቸው የተማረ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው።»

በእውቀቱ ችግኞቹን ያያል እንጂ ቀና አላለም።

«ይፋግ እመጣለሁ አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «በገበሬው ፊት ‹ዘሩ አልረጋም፣ አትውሰዱ› እላለሁ አሉኝ። አንድ ዓመት ብቻ ስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹በአንድ ዓመት የስንቱ ጎተራ ባዶ ይቀራል?› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ መቀሳቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው። የቦዩ መቆፈሪያ አካፋ ቅርቤ ነበር።»

ካቴናው ከሙሰብ እጅ ወልቆ በእሱ እጅ ገባ። ሲወስዱት ገበያው ከኋላው «የተዘራውስ? ሜዳው ሙሉ የተዘራውስ?» እያሉ ተከተሉት።

እትዬ አሲያ ልጃቸውን አቅፈው ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት። መስከረም ቀስ ብላ ቀረበች።

«ሙሰብ፣ መታሰርህን ፈልጌ አይደለም። ያየሁትን ነው የተናገርሁት።»

«አውቃለሁ፣ መስኪ» አለ ሙሰብ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የባሰባት። «ሌላ ሰው ቢናገር ኖሮ ‹ተሳስቷል› ብዬ እተኛ ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ግን፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ምናልባት ሳላውቀው ገድያቸው ይሆን እያልሁ ራሴን ስጠይቅ ከረምሁ።»

እናቱን ደግፎ በበሩ ወጣ። መስከረም እስከ መንገዱ ተከተለቻቸው። እትዬ አሲያ አንድ ጊዜ ብቻ ዞረው አዩዋት፤ ‹ግቢ› አላሏትም፣ ‹ሂጂ›ም አላሏትም፤ የቤታቸውን በር ግን ሳይዘጉት ገቡ።