እግሩን አነባብሮ የሞተው ሰው

ሽማግሌው መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ዝቅ ባለው የኮምፔንሳቶ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ተቀምጧል፤ ሞቷል። መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሬሳ አይታለች። እንዲህ ተስተካክሎ የተቀመጠ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«በትራስ ታፍኗል» አላት ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳሌውም ወልቋል፤ ያውም ከሞተ በኋላ።»

ሟቹ ስመ ጥር የቤት ዕቃ ንድፍ አውጪ ነበር። ያለፈውን ክፍለ ዘመን አጋማሽ የንድፍ ታሪክ የሚያሳይ ድረ ገጽ በዚያው ዕለት ማታ እዚሁ ቤቱ ሊመረቅ ስለነበር፣ ሦስት ሰዎች ሽር ጉድ ይሉ ነበር፤ የምታስታምመው ሴት ልጁ ወጥ ቤት፣ ድረ ገጹን የሠራችው ወጣት ኮምፒውተሯ ላይ፣ የታሪክ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ደግሞ ሳሎን።

ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩ ላይ ወጣቷን ይዟታል።

«የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጊው፤ በሠራው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አረፈ፣ በይ። የሰው አንጀት ይበላል!»

«ሬሳቸው እኮ ገና አልተነሣም» አለች ወጣቷ እንባዋን እየጠረገች።

መርማሪዋ ጠጋ አለች። «ዛሬ አግኝተዋቸው ነበር?»

«የት አግኝቼው? ሁልጊዜም በስልክ ነው የምናወራው። ተኝቷል ሲሉኝ ሳሎን ቁጭ አልኩ።»

መርማሪዋ ወጣቷን ለብቻዋ ወስዳ ድረ ገጹን አሳዪኝ አለቻት። ወንበሩ በጣት ሲነካ ይሽከረከራል፤ ከሥሩም ጽሑፍ ብቅ ይላል። «ንድፍ አውጪው ዛሬም ድረስ ጠዋት ጠዋት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነባል» ይላል። ጎኑ ላይ የሽማግሌው የወጣትነት ፎቶ አለ፤ እግሩን አነባብሮ።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸዋ። አባባ ድምፃቸውን በቀዳሁ ቁጥር ‹ወንበሩን የነደፈችው ባለቤቴ ናት› ይሉ ነበር። ፕሮፌሰሩ እሱን ቁረጪው ይሉኛል። ዛሬ ግን አባባ ‹ማታ በሰው ፊት ራሴ እናገራለሁ› ብለው ቆረጡ።»

የሟቹ ልጅ ወጥ ቤት ቆማ ታለቅሳለች።

«አባትሽ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር?»

«አባባ? በምን አቅሙ! ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋው ከፍ ወዳለው ሌላ ወንበር በስንት መከራ ነው የማወጣው። ይቺ ልጅም ድምፁን ልትቀዳ ስትመጣ አብራኝ ታነሣዋለች።»

መርማሪዋ ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ አልጋቸው ላይ ቢተዋቸው፣ አርጅተው ሞቱ ይባል ነበር» ብላ ጀመረች። «አንሥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ይህን የሚያደርገው በየቀኑ እዚያ ይቀመጣሉ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ልጃቸውም ወጣቷም እዚያ መቀመጥ እንደማይችሉ ያውቃሉ። የቀረው ራሱ የጻፈውን ተረት ያመነ ሰው ነው።»

«ግምት ነው» አለ ፕሮፌሰሩ።

«እርስዎ ከልጃቸውና ከወጣቷ ዓይን ተሰውረው ሲገቡ ተኝተው አገኟቸው፤ ዳሌያቸው እንደተሰበረ አላወቁም። ማታ እውነቱን እናገራለሁ ሲሉዎት፣ በስማቸው የገነቡት ክብር ሁሉ ሊናድ ሆነ። በትራሳቸው አፈኗቸው። ከዚያ ፎቶውን ለማስመሰል እግራቸውን ሊያነባብሩ ሞከሩ። አልታጠፍ ሲልዎት ተጫኑት። ዳሌው ወለቀ።»

የሟቹ ልጅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«በክብር ነው ያስቀመጥኩት!» ፕሮፌሰሩ ጮኸ። «እንደሱ ያለ ሰው ሽንት በሸተተ አንሶላ ውስጥ ይሙት? ለታሪክ ይመጥናል?»

መርማሪዋ የፕሮፌሰሩን እጅ የያዘውን ፖሊስ «አውጣልኝ» አለችው፤ ሌላ ቃል ከሰውዬው ጋር መለዋወጥ ተጠየፈች።

ፕሮፌሰሩ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። «ወንበሩን አደራ! ከሁሉ መጀመሪያ የተሠራው ነው፤ ሰው እንዳይቀመጥበት!»

የሟቹ ልጅ መርማሪዋን አየቻት። መርማሪዋ አልከለከለቻትም። ሄዳ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች፤ ኮምፔንሳቶው ሲጥ አለ።

«እናቴ ሰው እንዲቀመጥበት ነው የሠራችው» አለች። ከዚያም ወደ ወጣቷ ዞረች። «በይ ኮምፒውተርሽን አምጪ። ስሟን እነግርሻለሁ።»