ዳልቻና ባለቀለሙ ቴሌቪዥን

«ወደ ፉሪ አዙሪው! ወደ ተራራው!»

ንግሥቲ ቀሚሷን ቋጥራ ቆርቆሮው ላይ ወጥታለች፤ አንቴናውን እንደ ልጅ ታቅፋዋለች። ከታች፣ ከሳሎኑ መስኮት፣ የጓደኛዋ የየሺአረግ ጭንቅላት ብቅ ጥልቅ ይላል።

«አሁንስ መጣ?»

«አልመጣም! ትንሽ ወደ ግራ! ውይ፣ ጭራሽ ጠፋ! መልሺው!... መጣ! መጣ! ቀለሙ መጣ!»

እልልታው ቀለጠ። ንግሥቲ እጇ እየነደደ፣ ጉልበቷ ተልጦ ወረደችና ሰው ገፍታ ገባች። አየች። ዜና አንባቢዋ ግራጫ፣ መጋረጃው ግራጫ፣ የአበባ ማስቀመጫው ከነአበባው ግራጫ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የየሺአረግ እናት ወይዘሮ አሰገደች ባለቀለም ቴሌቪዥን ገዙ ተባለ። ወሬው ከቦሌ ተነስቶ በማግስቱ ጉርድ ሾላ ንግሥቲ ቤት ደረሰ። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ቤት ደግሞ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ተብሎ ይኬዳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ዕቃው ይመረቃል። ንግሥቲና አባቷ አቶ ገብረአምላክ ጎረቤታቸውን እትዬ ማሚቱን ይዘው መጡ። መቼም የሰው ዳቦ ጎርሶ የሰው ዕቃ ማጣጣል የት አገር አለ?

«ውይ ቀሚሷ!» አሉ እትዬ ማሚቱ ጉንጫቸው በዳቦ ተወጥሮ። «ቅላቱ እንደ በርበሬ!»

«ኧረ አረንጓዴ ነው» አለች አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት።

«እሱም አለበት።»

የሺአረግ ንግሥቲን ጎኗን ቆነጠጠቻት። «ፋራ አትሁኚ፣ አድንቂ እንጂ!»

«ምኑን?»

«በናትሽ ቀስ በይ!» የሺአረግ ጆሮዋ ስር ተለጠፈች። «እማዬ አባዬን ስንት ቀን ጨቅጭቃ ነው ያስገዛችው። ቀለም የለውም ከተባለ ቤታችን አለቀለት። ለማንም አትናገሪም፤ ሙች በይ።»

«ሙች» አለች ንግሥቲ።

ቴሌቪዥኑን የሸጠላቸው ነጋዴ ረታ መሀል ሶፋው ላይ ተንፈላሷል። ምላሱ ማር ነው፤ ፀጉሩን ቅባት አጠጥቶታል። «ይሄ ዕቃ'ኮ ቶኪዮ፣ ለንደን፣ ኒውዮርክ በአንድ ቀን ነው የወጣው! ፈረንጅ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሱቅ በር ላይ አድሮ ነው የገዛው!»

«ትንሽ ደብዘዝ አላለም?» አለ የንግሥቲ አባት፣ የቤቱን ባለቤቶች እንዳያስቀይም በለሆሳስ።

«ከባሕር አገር መጥቶ'ኮ ነው፣ አቶ ገብረአምላክ! ደጋውን ገና አልለመደም። መስከረም ላይ ጣቢያው ራሱ ቀለም ሲጀምር እንዴት እንደሚፈካ ያዩታል። አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ቢቸግር በላምዎ እለውጥልዎታለሁ።»

ወዲያው ረታና አባቷ እጅ ለእጅ ተመታቱ። ንግሥቲ የያዘችውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰች። ዳልቻ! ታናናሾቿ ያደጉባት፣ ግማሽ ሰፈር ወተቷን የሚጠጣላት ግራጫዋ ላም በዚህ ልትሄድ!

ሲመለሱ በገርጂ ማሳ አቋረጡ። እትዬ ማሚቱ ከፊት ከፊት እየቀደሙ ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ ስለ ቀዩ ቀሚስ ያወሩታል። አባቷ ግን ከንግሥቲ ጋር ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ንግሥቲዬ» አለ በመጨረሻ። «የሴትየዋ ቀሚስ በእውነት ቀይ ነው?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እኔማ ምንም አልታየኝም። ሰው ሁሉ ቀይ፣ አረንጓዴ ይላል፤ እኔ አመድ ብቻ ነው የማየው። ዓይኔ ሊጠፋ ነው መሰለኝ። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ትደነግጣለች።»

«ካልታየህ ታዲያ ለምን ትገዛዋለህ?»

«እናንተ እንድታዩት ነዋ። እኔ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ ትነግሩኛላችሁ።»

ንግሥቲ ቆመች። ሙች ብላለች። ሙች ተብሎ ደግሞ አይፈረስም፤ የሺአረግ ካወቀች ዓይኗን አታሳያትም። አባቷን ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን በመዳፉ እያሸ ነበር።

«አባዬ፣ ግራጫ ነው» አለች። «ዓይንህ ደህና ነው። ማንም ቀለም አላየም።»

«እትዬ ማሚቱስ?»

«እሳቸው ያዩት ዳቦውን ነው።»

አባቷ መጀመሪያ ፈጠጠ። ከዚያ ከሆዱ የመጣ ሳቅ ያዘው፤ ባሕር ዛፍ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እትዬ ማሚቱ ከሩቅ «ምንድነው? ለኔም ንገሩኝ!» እያሉ ቢጮኹ ማን ይመልስላቸው? ሳቁ ሲበርድለት ግን ፊቱ ጠቆረ። «አሁን ረታን ምን እለዋለሁ? እጅ መትቻለሁ፤ ሰው ቃሉን በላ ይለኛል።»

በማግስቱ ረታ ቴሌቪዥኑን ታክሲ ላይ አስሮ ከች አለ። የንግሥቲ እናት አስመረት ማታ ሁሉን ሰምታለች፤ በረት በር ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«ዳልቻ ሰጥቶ ዳልቻ መቀበል!» አለች። «ያውም የኔኛዋ ትታለባለች!»

አባቷ አንገቱን ደፋ። ንግሥቲ ወደፊት ወጣች።

«ጋሼ ረታ፣ አባዬ ቃሉን አያጥፍም። ቴሌቪዥኑ እኛ ጋ ይቀመጥና ደጋውን ይልመድ። መስከረም ላይ ሲፈካ መጥተው ላሟን ይወስዷታል።»

«እስከዚያ ወተቱስ?»

«እንጠጣዋለና!»

ረታ ቅባት የጠጣ ፀጉሩን አከከ፤ ያ ሁሉ ማር የት እንደገባ እንጃ። ባለታክሲው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ኋላ ረታም ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይቺ የማን ልጅ ናት እባካችሁ?»

«የኔ!» አሉ እናትና አባት እኩል። ረታ ውሉን ትቶ ዕቃውን ታክሲው ላይ መልሶ ሲያስር፣ አባቷ ደረቱን ነፍቶ ገመድ ያዘለት።

ንግሥቲ ሳቋን ሳትጨርስ አጥሩ ወዲያ ተመለከተች። እትዬ ማሚቱ አጥሩ ላይ ተለጥፈው አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም፤ አሁን ነጠላቸውን እያጣፉ ናቸው። እሳቸው ነጠላ ካጣፉ ወሬው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ወደ ቦሌ ብቅ ልበል ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ። አሰገደችን ናፍቄያት።»

ትናንት ያዩዋቸውን ሴትዮ ዛሬ ናፈቁ! ንግሥቲ ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታስር ማሳ ለማሳ ሮጠች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዘለለ፤ ውሻ አባረራት፤ አንድ ገበሬ «ምን ጠፋሽ?» ብሎ ጮኸባት። አልቆመችም።

የየሺአረግን በር ደበደበች። የሺአረግ እንጀራ እያላመጠች ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ምን ሆነሽ ነው? ምን መስለሻል?»

«እኔ አይደለሁም» ማለት ይቻል ነበር። እትዬ ማሚቱን ማላከክም ይቻል ነበር፤ ማንም ያምናታል።

«የሺዬ» አለች ንግሥቲ፣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት። «ለአባዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።»