ቅንጣት የሌለበት ሳህን

የቤተ ሙከራው ኃላፊ በማይክሮስኮፕ ክፍሉ በር ሥር ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ከጠረጴዛው ጥግ እስከ በሩ ደም ተጎትቷል። ከውጭ በቁልፍ ብቻ የሚቆለፈው በር ተቆልፎ ነበር።

እዚያው ተመራማሪ የሆነችው የእህቱ ልጅ ኮሪደሩ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ትናንት በሰው ፊት «ጋሼ፣ ምክትልህ ስለበለጠህ ቀንተህ ነው!» ብላው ነበር። አሁን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት መርማሪዋ።

«በካርቦን ቅንጣት። በዓይን አይታይም፤ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን በልዩ መብራት ያበራል። ሕዋሱን ሳንገድል እናየዋለን። ምክትሉ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሁሉም ሲያደንቅ አጎቴ ‹ብርሃኑ የቅንጣቱ አይደለም› አለ።»

«ዛሬስ ምን ሊያዩ ገቡ?»

«ቅንጣት የገባበትን የሕዋስ ሳህን መሰለኝ።»

ምክትሉ ዓይኑ ቀልቶ ቢሮው ተቀምጧል። «ዛሬ እዚያ ክፍል ድርሽ አላልኩም። ምስኪን! ቅንጣት የሌለበት ሳህን ላይ አፍጥጠው ሲውሉ አዙሯቸው ይሆናል።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን ሁሉ ማይክሮስኮፑ ዘንድ ሰበሰበች።

«ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። የሟቹ ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቷል። የቀረው በእህታቸው ልጅና በምክትላቸው እጅ ያለው ነው። ቅንጣት ያለበትና የሌለበት ሳህኖች ደግሞ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ከሥር የተጻፈው ብቻ ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ የነበረውን ሳህን እኔ እስካነሳው ድረስ ማንም አልነካውም። ልጅቱ እንኳ ሌላው መስሏታል።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎ ግን ቅንጣት የሌለበት መሆኑን ነገሩኝ። በምን አወቁ?»



መርማሪዋ ልዩ መብራቱን አበራች። ሕዋሶቹ ስክሪኑ ላይ ፍም መሰሉ። «ያለ ቅንጣትም ያበራሉ፤ ብርሃኑ የራሳቸው ነው። ሟቹ ዛሬ ይህንኑ አሳዩዎት።»

«ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አልፈለግሁም…»

«ደሙን ይመልከቱ። እየዳሁ በሩ ድረስ መጥተዋል። እርስዎ ግን ቆልፈው ሄዱ።»

ምክትሉ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከተሰበሰቡት ውስጥ እሱን ያየ አልነበረም፤ ለፎቶዎቹ ሲያጨበጭቡ የነበሩት ሁሉ ጫማቸውን አዩ።

መርዶውን ለአጎቷ ሚስት የነገረችው ልጅቱ ናት። ሴትዮዋ እንባቸው ጋብ ሲል እጇን ያዙ።

«ትናንት አኩርፎ ገባ። ምን ሆነህ ነው ስለው ‹ልጅቷ ሥራ በዝቶባት ደክሟታል፣ አትቆጪያት› አለኝ።»

«አልደከመኝም ነበር፣ እትዬ» አለች፤ እጇንም ቀስ ብላ ከእጃቸው አወጣች።