የተደፈነችው ብር

ኩራዟን ዝቅ አድርጓት። ኧረ እንዲያውም አጥፏት፣ ጋዙ ለነገ ይትረፍ። መጨረሻ የገባው ማነው? በሩን ዘግተኸዋል? መወርወሪያውንስ? እስኪ ተነሥተህ እየው። እኔ ሰው አላምንም። በተለይ «ዘግቻለሁ» የሚል ሰው አላምንም።

ስንት ናችሁ? ሰባት። ከእኔ ጋር ስምንት። ጥሩ፣ ቁጥሩን ያዙልኝ።

ዘለቀ፣ አንተ ወደዚህ ጠጋ በል። ለማታውቁት፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ከሰዓት ብር ልግዛ ብሎ የመጣው ነው። አሮጌ ብር በየመንደሩ እየዞረ ይገዛል፣ ከተማ ወስዶ ይሸጣል። አንገቴ ላይ ያለችውን ጠገራ ብር አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እማማ፣ ይቺ እኮ የተበሳች ናት፣ ብዙም አታወጣ። ለእርስዎ ብዬ ነው የምወስዳት» አለኝ። ለእኔ ብሎ! አይ ዘለቀ። መሸበትና እዚሁ ቀረ። እንግዳ ነው፣ ራቱን በልቷል፣ አሁን ደግሞ ይስማ።

ተረት ተረት አልላችሁም፤ እናንተም የላም በረት ብላችሁ አትመልሱልኝ። ይሄ ተረት አይደለም።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ከገበያ ወደ አንድ መንደር የሚወስድ ቀጭን መንገድ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል የቤተ ክርስቲያን መቃብር። ሌላ መንገድ አለ? የለም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ስሙ ቢያድግልኝ ነው።

ለምን ብቻውን ሄደ? ሰው ስለማያምን ነዋ! ገበያተኛው ሁሉ በጊዜ ተሰብስቦ ሲመለስ እሱ «መቀነቴን ማን ያይብኛል» ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። መቀነቱ ውስጥ ሃያ ጠገራ ብር አለ። እንዳይንቃጨሉ እያንዳንዳቸውን በእራፊ ጨርቅ ጠቅልሏቸዋል። በቅሎ ሊገዛ ነበር የወጣው። ስድስት በቅሎ አየ፣ ስድስቱንም ጠረጠረ፣ ሳይገዛ ተመለሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ይል ነበር።

ይሄ ሰው ብር በመምረጥ የታወቀ ነበር። ያኔ ብር ሁሉ እኩል አይደለም። ያቺ ዘውድ የደፋች ሴትዮ ያለችበት ጠገራ፣ ሁሉም ብር ናት፣ ሁሉም ግን አትሸጥም። ቢያድግልኝ ብር ሲቀበል የሚያስበው ነገ ከእሱ እጅ ስለሚቀበለው ሰው ነው። «እኔ ብወዳት ምን ዋጋ አለው፣ የሚቀጥለው ሰው ከመለሳት?» ይላል። ስለዚህ ዘውዷ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ይቆጥራል፤ ሰባት። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ይቆጥራል፤ ዘጠኝ። ፍሬው ከተላጠ ይመልሳታል። ጠርዟን ይዳስሳል፤ ከተሞረደች ይመልሳታል። ድንጋይ ላይ ይጥላታል፤ ጥርት ብላ ካልጮኸች ይመልሳታል። የተበሳች ከሆነችማ ጭራሽ አያያትም። ለአንገት ጌጥ ተብላ አናቷ ላይ የተበሳች ብር ገበያ ላይ ጎደሎ ናት። ይሄን ሁሉ ደግሞ በጨለማ፣ በጣቱ ብቻ ያውቀዋል።

ዘለቀ፣ አንተስ በጨለማ ታውቃለህ? አውቃለሁ ነው ያልከው? እሺ፣ እናያለን።

ቢያድግልኝ አንጓች የምትባል ሚስት ነበረችው። ነበረችው ነው ያልኩት። አንጓች በማተቧ ላይ ከመስቀሏ ጋር አንዲት የተበሳች ጠገራ ታንጠለጥል ነበር፤ እናቷ የሰጠቻት ናት። ስትራመድ ብሯ ከመስቀሉ እየተጋጨች ቅጭል፣ ቅጭል ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ መምጣቷን በዚያ ነው የሚያውቀው። ታመመች አንጓች። ልትሞት ስትል ባሏን ጠራችው። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ የታጨች። «ይቺን ብር በሠርጓ ቀን አንገቷ ላይ እሰርላት፤ ማልልኝ» አለችው። «እግዜር ምስክሬ ነው» አላት። ብሯን ፈታና ወሰደ። አንጓች ከነማተቧና ከነመስቀሏ ተቀበረች።

ታዲያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በቅሎ አማረው! ለበቅሎ ሃያ ብር ያስፈልጋል፣ ያለው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ያቺ የተበሳችው እንዳለች ብትሸጥ የሚፈልገውን አታወጣለትም። ከአንጥረኛ ዘንድ ወሰዳት፤ ቀዳዳዋን በእርሳስ አስደፈነ፣ አስወለወላት። ከዚያ በምሽት፣ ብርሃን በሌለበት፣ ከአንድ መንገደኛ ማር ገዛባት። በማግስቱ ማሩን በደህና ብር ሸጠው። ሃያ ሞላለት።

ለልጁስ ምን አላት? «ሌባ ወሰዳት» አላት። ስንዱ ሦስት ቀን አለቀሰች። እናቷን ሁለት ጊዜ የቀበረች ነው የመሰላት፣ ታሳዝናለች። እሱ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ በክፉ ዓይን ያይ ጀመር። ራሱ ሰርቆ! ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ።

እንግዲህ ያ የገበያ ቀን የአንጓች አርባ ዋዜማ ነበር።

ቢያድግልኝ መቃብሩ ጥግ ሲደርስ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባለች። ፊቷ ይታያል? አይታይም።

«እንደምን አመሸህ ጌታዬ» አለችው።

«እንደምን አመሸሽ» አላት። ዱላውን ጠበቅ አደረገ። ይቺ የሽፍታ ማጥመጃ ናት፣ ብሎ ጠረጠረ። ዙሪያውን አየ፣ ማንም የለም። «ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«በዚህ ሰዓት?»

«አንተስ በዚህ ሰዓት?»

በግራ እጁ መቀነቱን ያዝ አደረገ።

«ብር ታውቃለህ ይሉሃል» አለችው። «ልጅ ልድር ነው። ለልጄ የምትሆን አንዲት ብር ምረጥልኝ። ነገ ብትቸገር አውጥታ የምትሸጣት፣ ማንም የማይመልስባት ትሁን።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፣ ብሮቹን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ቢያድግልኝ ብር ሲያይ ሽፍታውን ረሳው። ዱላውን አጋድሞ ቁጢጥ አለ። በግራ እጁ መቀነቱን እንደያዘ በቀኙ አንዷን አነሣ።

ቀዝቃዛ ናት።

«ምነው እንዲህ ቀዘቀዘች?»

«ከመሬት ነው ያወጣኋት» አለችው።

ይሄ አላስደነቀውም። ያኔ ሰው ገንዘቡን መሬት ይቀብር ነበር። አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠራረገና ቆጠረ። ሰባት። ዘጠኝ። ጠርዟ ደህና ነው። ድንጋይ ላይ ጣላት፣ ጥርት ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለች ብር ከእጁ ገብታ አታውቅም። ታዲያ ምን አላት? «ይቺ መጥፎ ናት እቴ። ተሞርዳለች፣ ማንም አይቀበልሽም። ለአንቺ ብዬ እኔ በትንሽ ጨው እወስድልሻለሁ» አላት።

ለአንቺ ብዬ! ሰማህ ዘለቀ?

«እሺ» አለችው።

ወደ መቀነቱ ከተታት። ሁለተኛዋን አነሣ። ከመጀመሪያዋም ትበልጣለች። «ይቺም መጥፎ ናት» አላት።

«እሺ» አለችው።

እንዲህ የማይከራከር ባለ ብር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር! ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው። እሷ አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ትንፋሿ ግን አይሰማም። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ይሄን አልጠረጠረም። እጁ ሦስተኛዋን እየፈለገ ነበር።

ሦስተኛዋን አነሣ። አፈሩን ጠረገ። አውራ ጣቱ ብሯ ላይ ያለችውን ሴትዮ ዘውድ አልፎ ወደ ብሯ አናት ወጣ። እዚያ ላይ ቆመ።

አናቷ ላይ ክብ፣ ለስላሳ ነገር አለ። እርሳስ።

ይቺን ብር ያውቃታል። ለዓመታት ከሚስቱ አንገት ላይ አይቷታል፣ ራሱ አስደፍኗታል፣ ራሱ ማር ገዝቶባታል። እዚህ ምን ታደርጋለች?

«ምነው፣ ምን አገኘህባት?» አለችው ሴትዮዋ።

«ይቺ… ይቺ ተበስታ ነበር። ተደፍናለች። አትሆንሽም።»

«ማን ደፈናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሌባ ይሆናላ።»

«ሌባ ነው?»

«ሌባ ነው።»

«ማልልኝ» አለችው።

ድምጿን አሁን ለየው። ሴትዮዋ ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ ብሯን ከመዳፉ አነሣቻት። ጣቷ ሲነካው እንደ ብሩ ቀዝቃዛ ነው።

«ለልጄ የምትሆናት ይቺ ናት» አለች። ከነጠላዋም ሥር አንድ ድምፅ መጣ።

ቅጭል።

«በስመ አብ!» ብሎ ብድግ አለ። ዱላውን ትቶ ሮጠ። ከኋላው ቅጭል፣ ቅጭል። ሲፈጥን ይፈጥናል። ቆም ሲል ይቆማል። «በሕግ አምላክ!» አለ። ማን ይስማው? ገደሉ ነው የመለሰለት። እንደገና ሮጠ፤ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ሲሻገር ድምፁ ጆሮው ሥር ደረሰ፣ ቀዝቃዛ ነገር ትከሻውን ታከከውና አለፈው። አሁን ድምፁ ከፊቱ ሆነ።

ከፊቱ ያለው ምንድነው? መንደሩ ነው። መንደሩ ዳር ላይ የማን ቤት አለ? የእሱ። ቤት ውስጥስ ማን አለ? ስንዱ፣ ብቻዋን።

እስካሁን ሸሽቶ ሲሮጥ የነበረ ሰው አሁን አባርሮ ይሮጥ ጀመር። «አንጓች! ልጄን ተዪልኝ! እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የሰረቅኩት!» እያለ። መቀነቱን ፈታ። ያን ለሰው ያላሳየውን መቀነት ወደ ጨለማው ወረወረው። «ይኸው! ሁሉንም ውሰጂ! ልጄን ብቻ ተዪልኝ!» ብሮቹ ድንጋይ ላይ ተበተኑ። ድምፁ አልቆመም።

ደረሰ። በሩ ወለል ብሏል። ገባ። ስንዱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፣ እሳቱ ፊቷን ያበራዋል። ምንም አልሆነችም። ተንበርክኮ አቀፋት፣ አለቀሰ።

ከዚያ አንገቷን አየ።

አንገቷ ላይ የአንጓች ማተብ አለ። ያ አብሯት የተቀበረው ማተብ። መስቀሉ አለ፣ ከመስቀሉ ጋር ብሯ አለች። እርሳሱ የለም። ክሩ በቀዳዳዋ አልፏል። የመቃብሩ አፈር ገና ከማተቡ ላይ አልረገፈም።

«ማን… ማን ሰጠሽ?»

«እማዬ ናት። ስታንኳኳ ከፈትኩላት። ‹አባትሽ ነው የመረጠልሽ› አለችኝ።»

«የት ሄደች?»

ስንዱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከትከሻው በላይ አየች።

«አባዬ፣ ከኋላህ ናት እኮ።»

ጠዋት ለአርባው የመጡ ጎረቤቶች ደጃፉ ላይ ወድቆ አገኙት። አልሞተም። ግንባሩ ላይ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ ብር በሚበሳበት ቦታ፣ ክብ ግራጫ ምልክት ነበረበት። እንደ እርሳስ ቀዝቃዛ። አጠቡት፣ ጸበል ወሰዱት፣ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ ገበያ ሲወጣ ሰው መጀመሪያ ግንባሩን ያያል፣ ከዚያ የሰጠውን ብር ይመልስለታል። ደህና ብር ቢሆንም ይመልስለታል። ብቻውን መሄድ ይፈራል፣ አብሮት የሚሄድ ግን ጠፋ።

ስንዱ በብሯ ተሞሸረች። እስክትሞት አልሸጠቻትም። በክፉ ቀን እንኳ፣ እኛ ልጆቿ ስንራብ እንኳ አልሸጠቻትም። አዎ፣ እናቴ ናት፤ ብሯም ይቺው አንገቴ ላይ ያለችው ናት። ያ ሰውዬ አያቴ ነው። ልጅ ሆኜ ያን ግንባር በጣቴ ነክቼዋለሁ፣ ስለዚህ ተረት ነው አትበሉኝ።

በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም፣ ማንም ምረጡልኝ ቢላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ለዚህ ወሬ ደግሞ አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፣ አልፈልግም።

ዘለቀ። ተኛህ እንዴ? አልተኛህም። በጨለማ አውቃለሁ ብለህ የለ? እጅህን ዘርጋ። አትፍራ፣ ብሬን ዳስሰህ ትክክለኛ ዋጋዋን ትነግረኛለህ። ከዋሸህ ግንባርህን ጠብቅ! ዘረጋህ? ቆይ፣ የማተቤ ቋጠሮ እንቢ አለኝ፣ ጣቴ አርጅቷል…

ምን አልክ? «ያዝኳት» ነው ያልከው? ምኗን ያዝካት? ቀዝቃዛ ናት? አፈር አለባት?

ዘለቀ፣ ልጄ፣ አትንቀሳቀስ። እኔ ገና አልፈታኋትም፣ ይኸው አንገቴ ላይ ናት።

ኩራዙን አብሩ! ኧረ ኩራዙን! ስምንት ነን አላልንም? እስኪ ቁጠሩ!