ሰማይ ላይ የተሰቀለ ቁልፍ

ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ ከደብረ ማርቆስ ደርሳ ከመኪናዋ ስትወርድ፣ ከሬሳው በፊት ያየችው ካቴናውን ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸው የኋሊት ታስሮ በረዶ ላይ ተንበርክከዋል።

«ማነው ያሰራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ የአምበር ከተማ ፖሊሱ አንተነህ። «አባ ታረቀኝ ይባላሉ። ልጁን የገደሉት እሳቸው ናቸው።»

«ሲገድሉ አይተሃል?»

«የሳተላይት ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ አይተዋል።»

ሟቹ ታዲዮስ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው። ራሱን ከኋላ ተመትቶ ከጣቢያው ትልቅ ዲሽ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። መንገድ ላይ ከአምበር ከኢንስፔክተሯ ጋር የተሳፈረችው የጣቢያው ቴክኒሺያን ወንጌላዊት ስታየው ጮኻ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ናፍጣ ስትፈልግ ከተማ ነበር የዋለችው።

ጣቢያው ከአምበር በላይ ባለው ኮረብታ የተተከለው ከአንዲት ሳተላይት ጋር እንዲነጋገር ነው። የብዙ ሰው ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚከፈትበት ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ሌባ እንዳይደርስበት ተብሎ በሳተላይቷ ውስጥ ተቀምጧል። ሳተላይቷ የምትታዘዘው ታዲዮስና ሥራ አስኪያጁ አምደሚካኤል የየራሳቸውን የይለፍ ቃል አንድ ላይ ሲሰጡ ብቻ ነው። የአካባቢው ገበሬ ግን ዲሹን «በረዶ ጠሪ» ብሎታል።

አምደሚካኤል ኮቱን አስተካክሎ ቀረበ። «የሞተው በረዶው ካባራ በኋላ ነው። ሳተላይቷ ብቅ ስትል እኔ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርሁ። ዲሹ እሷን ተከትሎ ከአድማስ እስከ አድማስ ሲዞር ዐይኔን አልነቀልሁም። ጩኸት ሰምቼ ብወጣ እኒህ ሰውዬ ዱላ ይዘው ሬሳው አጠገብ ቆመዋል።»

ማንጠግቦሽ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለች። «ለምን መጡ አባቴ?»

«ዲሹን ልሰብር! ገብሴን በረዶ አወደመው። ተናድጄ መጣሁ፣ አልክድም። ልጁን ግን ሞቶ ነው ያገኘሁት።»

«በረዶው ሳይጀምርስ የት ነበሩ?»

«ወንፈል ላይ፣ የጎረቤቴን ማሳ ስናጭድ። ዛፍ ሥር የተጠለልነውም አብረን ነው።»

«ይህን ለፖሊሱ ነግረውታል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ማንጠግቦሽ ጥርሷን ነክሳ ወደ አንተነህ ዞረች። «አሁኑኑ ውረድና ጎረቤቶቻቸውን ጠይቅ። ይህን ከማሰርህ በፊት ነበር የምታደርገው!»

የጣቢያው ዘበኛ እንዳላማው በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ምን አየህ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

ያየውን ብትጠይቀው ስለ መስማት መለሰ። ልብ ብላ አለፈችው። ከዚያም የሟቹን ትከሻ ቀስ አድርጋ ቀና አደረገች፣ ከሥሩም አፈሩን በጣቷ ነካች። ቀጥላ መሰላል አስመጥታ ወደ ዲሹ ወጣች። ስትወርድ እጇ ርሶ ነበር።

አንተነህ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «እውነታቸውን ነው።»

ሁሉንም ዲሹ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ግቢው በሙሉ በረዶ ለብሷል። ከታዲዮስ ሥር ያለው አፈር ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ ልጁ የወደቀው በረዶው ሳይጀምር ነው። ያኔ አባ ታረቀኝ ማጭድ ይዘው ማሳ ላይ፣ ወንጌላዊት ደግሞ አምበር ነበሩ። እዚህ የነበራችሁት፣ አምደሚካኤል፣ አንተና ዘበኛው ብቻ ናችሁ።»

«ዘበኛው ይሆናላ!» አለ አምደሚካኤል።

«ዲሹ በረዶው ካባራ በኋላ ዞረ አልህ። ወደ አድማስ አዘንብሎ ቢሆን የያዘውን በረዶ ይደፋው ነበር። ወጥቼ አየሁት። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ እንደ ገበቴ ሞልቷል። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ዲሹ ካልዞረ አንተም ሳተላይት ስትከታተል አልነበርህም። ወሬውን የፈጠርኸው ሞቱን ከበረዶው በኋላ አድርገህ ተቆጥቶ በመጣ ገበሬ ላይ ለመለጠፍ ነው!» ድንገት ወደ ዘበኛው ዞረች። «አንተስ? ያገርህ ሰው በካቴና ሲታሰሩ ዝም ትላለህ?»

እንዳላማው ቀና አለ። «ታዲዮስና ሥራ አስኪያጁ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ታዲዮስ ‹የሰው ገንዘብ አልከፍትልህም፣ ለኃላፊዎች እናገራለሁ› አለው። ከዚያ የታዲዮስ ድምፅ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ወደ በሩ መጥቶ ‹ብትተነፍስ አንተ ነህ የገደልኸው እላለሁ› አለኝ።»

«እንዳላማው!» አሉ አባ ታረቀኝ። «ልጄን ክርስትና ያነሳህ!»

አምደሚካኤል አረፋ ደፈቀ። «አንድ ቃል ነው የጠየቅሁት! አንዲት ቃል! ግትር ነበር!»

«ሌባ እንዳይደርስበት ሰማይ ላይ ሰቀላችሁት» አለች ማንጠግቦሽ፤ «ሌባው ግን እዚህ መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።» ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈትታ አምደሚካኤል እጅ ላይ ቆለፈችው።

አንተነህ ተጠጋ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በመኪና እናድርስዎ።»

አባ ታረቀኝ ጋቢያቸውን አውልቀው ታዲዮስን አለበሱትና አጠገቡ በረዶው ላይ ቁጭ አሉ።

«ሂዱ! ሁላችሁም ሂዱልኝ! ይህ ልጅ ማሽኑን ስሰድብበት እየሰማ እንኳ ‹እንዴት ዋሉ› ሳይለኝ አልፎ አያውቅም። እናቱ እስክትመጣ ከዚህ አልነሳም።»