አረንጓዴው መቀነት

ሥራዋ ቅጠል ማቃጠል ነበር ቢባል ማን ያምናል? ግን ነበር። ዛፍ በሚያለማው ድርጅት ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጣ፣ የትኛው ቅጠል ቶሎ እንደሚቀጣጠል፣ የትኛው እንደሚለግም ታጠናለች።

የእሳት መከላከል ቡድኑ አለቃ መጀመሪያ የመጣው ሊቆጣት ነው።

«እኔ እሳት ሳጠፋ እየዋልኩ አንቺ እዚህ ትለኩሻለሽ?»

«ና እይ» አለችው። «የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው እንደ ጋዝ ይንቦገቦጋል። የማንጎው ውሃ አዝሏል፤ እሳት ያደክማል።»

አጎንብሶ አየ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ክብሪቱ ጣቷን እስኪፈጃት ድረስ ረሳችው።

እናቱ ወሬውን ሲሰሙ «እሳት የምትጭር ሴት ቤቴ አትገባም!» ብለው እምቢ አሉ። ሁለቱ ግን በድርጅቱ ባሕር ዛፍና በሠራተኞቹ መኖሪያ መካከል እሳት የሚያግድ የማንጎ መቀነት ተከሉ። ፍቅራቸውም እዚያው ውሃ ሲያጠጡ በረታ።

«እሳት ከመጣ በዚህ በኩል ውጣ» አለችው አንድ ቀን።

«እሺ፣ እመቤቴ» ብሎ ሳቀ።

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። ማንጎዎቹ ገና ሳይጠነክሩ ጠወለጉ። ነፋሱም የባሕር ዛፉን ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት እያመጣ በመካከላቸው ከመረው። ይጠረግ ብላ ኃላፊዎቹን ብትለምን «ሰው የለንም» አሏት። ሁለቱ እየተጋገዙ ቢጠርጉም ነፋሱ ቀደማቸው።

እሳቱ በጠራራ ፀሐይ ተነሳ። እሱ ሠራተኞቹን ከነልጆቻቸው በመንገዱ አስወጣ። አልጋ ላይ የቀሩ አንድ አዛውንት ተሸክሞ ሲመለስ መንገዱ በነበልባል ተዘግቷል። በማንጎው በኩል ዞረ። እሱም አዛውንቱም እዚያው ቀሩ።

ለምን በዚያ በኩል እንደዞረ ሰው ሁሉ ግራ ገባው። እሷ ብቻ ታውቃለች።

ከቀብሩ በኋላ እናቱ ላቦራቶሪው ድረስ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«እሳት ታውቂያለሽ ይላሉ። ልጄ ቶሎ ነው ያረፈው? ወይስ ተሰቃየብኝ?»

ጠረጴዛውን ያዘች።

«ቶሎ ነው፣ እማማ። ምንም አልተሰማውም።»

ፊቷን ትክ ብለው አዩት።

«ዋሸሽኝ» አሉ በመጨረሻ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ነይ፣ ብቻዬን የእሱን ቤት መክፈት አቃተኝ።»

ተደጋግፈው ሄዱ። አልጋው እሳቱ በተነሳበት ቀን ጠዋት እንዳነጠፈው ነበር። አንዷ ራስጌ፣ አንዷ ግርጌ ተቀመጡ። መብራት የሚያበራ ጠፍቶ መሸ።